የሱጮንግ አውራ ጣት

ፑ ሱጮንግ ዕድሜዋን በቼንግዱ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ድምፅዋ ከአውቶቡሱ ጥሩምባ ይበልጥ ነበር ይላሉ የሰፈሯ ሰዎች፤ አላጋነኑም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ግን ስሟን ያስጠራው የቀኝ አውራ ጣቷ ነው። ወንዙ ዳር ባለው ሻይ ቤት ማህጆንግ፣ ክብ ወይም ቀርከሃ በቁጥር የተቀረጸባቸውን ጠጠሮች እያነሱ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ስትጫወት ያነሳችውን ጠጠር አታየውም። ፊቱን ወደ ታች እንደደፋች ቅርጹን በአውራ ጣቷ ዳበስ ታደርግና ስሙን ጠርታ ጠረጴዛው ላይ ታጮኸዋለች። ተሳስታ አታውቅም።

ጡቷ ላይ ካንሰር ሲገኝ አላለቀሰችም። ኬሞውን ወስዳ ጨረሰች፤ ጸጉሯ ረግፎ መልሶ በቀለ። ጣቶቿ ግን መድኃኒቱ እንዳደነዘዛቸው ቀሩ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፣ ጠጠሩማ ሁሉም ልሙጥ ሆነባት።

ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ከማን ይሰወራል? የሻይ ቤቱ ሰው፣ እሷ ብቻዋን እንዳታፍር፣ እንደ እሷ በጣት መዳበሱን ትቶ ሁሉም ጠጠሩን በዓይኑ እያየ መጫወት ጀመረ። ከሁሉ የባሰችው ኳንግ ናት። ኳንግ ስትሰድባት የኖረች የልብ ወዳጇ ስትሆን ምላሷ ምላጭ ነው። አሁን ግን «እህትዬ፣ ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ» ማለት አመጣች። አንድ ቀን ጭራሽ ሱጮንግ ለማሸነፍ የምትጠብቀውን ጠጠር እያወቀች ጣለችላት።

የሱጮንግ ደም ፈላ። «ይቺን ጠጠር አንቺ በጤናሽ ትጥያለሽ?»

«ኧረ ልብ አላልኩም...»

«አንቺ? በእጄ ያለውን ከእኔ በፊት የምታውቂ? ስሚኝ ኳንግ፣ ካንሰሩ አልገደለኝም፤ የአንቺ ደግነት ግን ይገድለኛል። ጣቴ ካልተመለሰ እዚህ አልመለስም!»

ብላ ወጣች። እቤቷ ስትደርስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ባሏ ዌን ሆስፒታሉ ውስጥ የአገር ባህል ሕክምና ወደምትሰጠው ወደ ዶክተር ኒየ ወሰዳት። «አንዳንዱን ሰው ይሻለዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ምንም አያደርግለትም፤ እንሞክረው» አለች ዶክተሯ። የካንሰር ሐኪሟም ተጠይቆ ይሁን አለ። ሱፍ፣ የቀረፋ ጭራሮና ሌላም ሥራ ሥር ይፈላና ለብ ሲል እጇን ትዘፈዝፋለች። እጇ ሙቀት ስለማይለይ ውሃውን በክርኑ የሚለካው ዌን ነው። ጎረቤቶች ደረጃው ላይ አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ዌን፣ ዛሬ ደግሞ ምን እየቀቀልክ ነው?» ይሉታል።

«ሚስቴን!»

ውሃው ጥቁር ነውና ዌን ዘዴ ፈጠረ። አንድ ጠጠር ገንዳው ውስጥ ይጥልና «ምንድን ነው?» ይላታል። «ድንጋይ!» ትለዋለች ተናዳ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን አንድ ነገር ጣቷን ጫር አደረጋት።

«ሦስት ቀርከሃ?»

«ልክ ነሽ!» አለ ዌን። በማግስቱም ልክ ነሽ፣ በሌላውም ቀን ልክ ነሽ። ሱጮንግ ደስ ሊላት ሲል ጥርጣሬ ያዛት። ዌን ለሰው ደስታ ብሎ የሚዋሽ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የሠራችለትን የተቃጠለ ወጥ እንኳ ጣቱን እየላሰ ነው የበላላት። እውነቱን የማውቀው ሻይ ቤት ነው ብላ ጃኬቷን አጥልቃ ወጣች።

ሻይ ቤቱ ገባች። ኳንግ ወንበር ልትስብላት ብድግ ስትል፣ «ካዘንሽልኝ ዓይንሽን አላይም!» ብላ ተቀመጠች።

ጨዋታው ደራ። ሱጮንግ ጨዋታውን ዘግታ ለማሸነፍ የቀራት አራት ክብ ብቻ ነው። ተራዋ ደርሶ ጠጠር አነሳች፣ ደፋችው፣ ዳበሰችው። የክቦቹ ጠርዝ አውራ ጣቷን ቆረቆራት።

«አራት ክብ! ዘጋሁ!» ብላ ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው።

አምስት ክብ ነበር፤ አራቱ በየማዕዘኑ፣ አምስተኛው መሃል ላይ።

ሁሉም የየራሱን ሻይ ማየት ያዘ። ሱጮንግ ኳንግን ብቻ ነው የምታየው። ኳንግ ከንፈሯን ነከሰች፣ ጉንጯ ተነፋ፣ በመጨረሻ አልቻለችም፤ ሳቋ ፈነዳ።

«አምስት ነው፣ አንቺ ዕውር! መሃል የቆመውን ተሳፋሪ ትኬት ሳትቆርጪለት አሳለፍሽው! ያንን ሁሉ ዓመት ደሞዝ የከፈሉሽ ለዚህ ነው?»

ሱጮንግ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። አንዱን ስታዋለች፤ አራቱን ክቦች ግን ማንም አልሰጣትም፣ ራሷ ናት ያገኘቻቸው።

«ነገ አምስተኛውንም አገኘዋለሁ» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«የነገውን ነገ» አለች ኳንግ እጇን ዘርግታ። «ያለ ትክክለኛው ጠጠር ዘግተሻል፤ አሁን የቅጣት ገንዘብሽን ቁጭ አድርጊ!»