የሂልከ ቦንስትራ ስድስት ነጥብ ስምንት

ሂልከ ቦንስትራ በፍሪስላንድ፣ በአንዲት የቦይ ዳር መንደር ድልድይ ጠባቂ ነበረች። ጀልባ ሲመጣ ታነሣለች፣ ሲያልፍ ታወርዳለች፤ ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። እሱ እንጀራዋ ነበር፤ ኑሮዋ ሌላ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሰማዩ በጠራ ቁጥር፣ ጓሮዋ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ቆማ፣ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን በባይኖኩላር ስትከታተል ኖራለች። መለኪያው ዓይን ብቻ ነው። ብርሃናቸው የማይለወጥ ሁለት ጎረቤት ኮከቦችን ትመርጣለች፤ አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ። የምትከታተላት ኮከብ በሁለቱ መካከል የት ላይ እንደሆነች ትገምትና ቁጥር ትጽፋለች። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኮከቧ ደብዝዛለች ማለት ነው። ደመወዝ የለውም፣ ሹመት የለውም። አንድ ሕግ አለው፤ የራስህን ሳትጽፍ የሰው ቁጥር አታይም።

ይህን ሕግ እኛ የኮከብ ተመልካቾች ማኅበር አባላት በመስታወት አስገብተን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። የተሰቀለ ነገር ደግሞ አቧራ ይሰበስባል እንጂ አንባቢ የለውም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ምሽት ሂልከ ወደ አንዲት ኮከብ አየች። ኮከቧ በስንት ዓመት አንዴ የራሷን ጥላሸት ተፍታ ፊቷን የምትሸፍን ጉደኛ ናት። የወትሮ ቁጥሯ ስድስት ነው፤ ሂልከ ግን ስድስት ነጥብ ስምንት ብላ ጻፈች። በዚያው ምሽት ሌሎች አስራ አንድ አባላት «ስድስት» ብለው ላኩ። አስራ አንዱም ስድስት! አስራ አንድ ፍሪስላንዳዊ በአንድ ድስት የአተር ሾርባ ጨው ላይ እንኳ ተስማምቶ አያውቅም፤ በኮከብ ላይ ግን ተስማማ።

ከዚያ ሰማዩ ለሁለት ሳምንት በደመና ተዘጋ። ማጣራት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። የማኅበሩ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ዶክተር ቮልተር ግን ደመና የማይበግረው ሰው ነውና ደብዳቤ ጻፈ፦ የወይዘሮ ቦንስትራ ዓይን በዕድሜ ምክንያት ደክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ የአምስት ዓመት ቁጥሮቿ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይደረግባቸው። ሰባት መቶ ምሽት፣ በአንድ ብዕር ጭረት! ሴትዮዋ ከዓመት በፊት የዓይን ሞራዋን አስገፍፋ ከሁላችንም የተሻለ እንደምታይ ቢጠይቅ ኖሮ ያውቅ ነበር። መጠየቅ ግን የተማረ ሰው ክብር አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሂልከ የአይብ ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊት ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ቦንስትራ፣ ማንም እርስዎን ሊያስቀይም አልፈለገም» አለ ዶክተሩ። «ግን አስራ አንድ ለአንድ ነው።»

«ምርጫ ነው እንዴ?» አለች። «ኮከቧንም በድምፅ ብልጫ አበራችኋት?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሚስቱ በክርን ጎሰመችው።

ሂልከ ዞር ብላ ዳቦ ጋጋሪውን ሹርድን አየችው። «አንተ ሹርድ፣ እስቲ ንገረኝ። ያን ምሽት መጀመሪያ ያየኸው ሰማዩን ነው ወይስ የማኅበሩን የኢንተርኔት ገጽ?»

«እንዴ፣ እትዬ ሂልከ...»

«እትዬን ተዋት። የቱን?»

ሹርድ ቆቡን አሻሸ። «ገጹን ነው። ዶክተሩ ስድስት ብሎ ለጥፎ ነበር። ከዚያ ወጥቼ ሳያት... ስድስት መሰለችኝ።»

«መሰለችህ! እኔም ቡጢዬን ባሳይህ ዳቦ ይመስልሃል። ሌላስ ገጹን ቀድሞ ያየ?»

እጆች ቀስ እያሉ ወጡ። ከሹርድ ጋር አስር። አንዱ የእኔ ነበር፤ ዛሬ ድረስ ያን ክንዴን ሳየው ያናድደኛል። አስራ አንድ ምስክር ያልነው አንድ ሰውና አስር የገደል ማሚቶ ሆኖ ተገኘ።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ፣ ትንሽ አለመግባባት...»

«አለመግባባት አይደለም፣ መኮረጅ ነው» አለች ሂልከ። «ደንቡ የተጻፈን ቁጥር መሰረዝ የሚችለው የጻፈው ሰው ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ የእኔን አትነካም። እናንተ ግን ኑ፣ መዝገቡ ይኸው፣ ብዕሩም ይኸው።»

እንደ ተቀጣ ተማሪ ተሰለፍን። አስሩም በገዛ እጃችን ሰረዝን። ሂልከ አጠገባችን ቆማ ዳቦዋን እየበላች ጠበቀች። የጥያቄ ምልክቱም ያኔውኑ ተነሣ። ብዕሩ ዶክተሩ ጋ ሲደርስ ሰዓቱን አየና ባቡር እንዳያመልጠው ሮጠ። ያን የጥቅምት ምሽት ከቤቱ ወጥቶ ሰማይ አይቶ እንደሆነ ከኋላው ስንጠይቀው «ባቡሩ!» ብሎ ጮኸ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰማዩ ጠራ። ኮከቧ በባይኖኩላር ጨርሳ አትታይም ነበር፤ ጥላሸቷ ውጧታል። የማኅበሩ መጽሔትም «ንቁ አባሎቻችን መደብዘዟን ቀድመው ደረሱበት» ብሎ በዶክተር ቮልተር ፊርማ ወጣ። የሂልከ ስም የለም። በመጽሔቱ ገጽ ግርጌ ባለው ግራፍ ላይ ግን ለዚያ ምሽት ሁለት ነጥቦች አሉ፦ ስድስት ነጥብ ስምንትና ስድስት። ሁለተኛዋን መሰረዝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን አልሰረዛትም።