ሀሩን ለአባላት አስተምሯል

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በመተማ ቆላ፣ ከሽንፋ ብዙ በማይርቅ አንድ የመንግሥት እርሻ ላይ ነው። ዓመቱ ተምታቶብኛል፤ ወሩ ግን ኅዳር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ የባሰም አይቻለሁ። ይሄኛው ከአእምሮዬ ያልወጣው የምስጋና ደብዳቤ ስላሰጠኝ ነው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ሳየው ደስታም ንዴትም አይሰማኝም።

ያኔ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እርሻው የእሳት አደጋ መከላከያ ቡድን ነበረው፤ መሪውም እኔ ነበርኩ። መሪ የሆንኩት ስለ እሳት የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። የውኃ በርሜሎቹ፣ ጆንያዎቹና የብረት ቆቦቹ መጋዘን ውስጥ ይቀመጡ ስለነበረ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ቡድኑ አሥር ሰዎች ነበሩት፤ ሁሉም ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚያው የቀሩ። በዚያ ቆላ ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ኅዳር ላይ ደርቆ ክብሪት ይጠብቃል። ታጭዶ የተከመረ ሰሊጥማ አንዴ ከተያያዘ አይመለስም። እኛ የምናውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። ፊሽካ ሲነፋ እርጥብ ጆንያና ለምለም ቅርንጫፍ ይዞ መሮጥ፣ እሳቱንም ፊት ለፊት ገጥሞ መደብደብ።

መስከረም ላይ ከበላይ መመሪያ መጣ። በየቡድኑ ሴቶችና የተጨቆኑ ብሔረሰቦች በእኩልነት ይሳተፉ፣ በየወሩም ሪፖርት ይቅረብ ይላል። እኔም ሁለት ስም ጨመርኩ። አንደኛዋ እትዬ ትብለጥ ናቸው፤ ለሠራተኛው ወጥ የሚሠሩ፣ ከአርባ አምስት ያለፉ የቋራ ሴት። ሁለተኛው ሀሩን ነው፤ ከእርሻው ዳር ካለ መንደር እየመጣ ጫካ የሚመነጥር ጉሙዝ።

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሀሩንን በርሜሉ ጋ አቆምኩት፤ ውኃ እየቀዳ ለሚሮጡት እንዲሰጥ። አያልነህ የሚባል የጎጃም ሰው ጣሳውን መሬት አስቀመጠና፣ «ተዚህ ሰው እጅ ውኃ አልጠጣም። አንተ ጸሐፊ፣ አንተስ ትጠጣለህ?» አለኝ።

እኔም አልጠጣሁም። እትዬ ትብለጥን ወደ በርሜሉ አዛወርኩና ሀሩንን የቆቦቹ ሳጥን ጠባቂ አደረግኩት። ሌሎቹ ሲሮጡና ቅርንጫፍ ሲያወዛውዙ እሱ ቆቡን አድርጎ ፀሐይ ላይ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ።

ሲመሽ ዕቃ ሲያስረክበኝ አንድ ነገር ነገረኝ። «ጓድ፣ ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ሣር ጥቅምት ላይ፣ ግማሹ እርጥብ ሳለ ይቃጠል። እኛ መንደር እንዲህ ነው የምናደርግ። ኋላ ትልቁ እሳት ሲመጣ የሚበላው ያጣል፣ ኻላስ፣ አለቀ።»

«ሳይቃጠል ቀርቶ እሳቱ ድንገት ቢመጣስ?» አልኩት፤ ለመቀለድ ነው።

«ያን ጊዜ ከመንገዱ ጀምረህ አንተው ትለኩሳለህ። ሁለቱ እሳት ይገናኙና ይሞታሉ።»

ሳቅሁ። «እሺ፣ እናያለን» አልኩት። በእኛ ቢሮ እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነበር።

በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ስሞላ ግን «የአዲስ አባላት ተሳትፎ» የሚል ባዶ ቦታ ገጠመኝ። ባዶ መተው አይቻልም፤ ያስጠይቃል። እሱ የነገረኝ ትዝ አለኝና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጓድ ሀሩን የሣር ማቃጠል ዘዴን ለአባላት አስተምሯል። በአደጋ ጊዜ የመከላከያ እሳት የመለኮስ ኃላፊነትም ተሰጥቶታል።» ለእትዬ ትብለጥም የውኃ አቅርቦት ኃላፊ የሚል ማዕረግ ሰጠኋቸው። ሪፖርቱን በወር ስብሰባ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሰዉ አጨበጨበ። ያኔ ለምንም ነገር ይጨበጨብ ነበር።

ጥቅምት አለፈ። ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ሣር ማንም አልነካውም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን፣ ሠራተኛው ምሳ በልቶ ሳይነሳ፣ ከወንዙ አቅጣጫ ጭስ ታየ። ማን እንደለኮሰው አልታወቀም። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር። በእሳቱና በሠራተኛው ሰፈር መካከል ከትራክተር መንገድ በቀር ምንም የለም። ሰፈሩ የሣር ዳስ ነው፤ ውስጡ ወባ የጣላቸው ሰዎች ተኝተዋል። ፊሽካ ነፋሁ፤ ሰዎቹም ጆንያና ቅርንጫፋቸውን ይዘው ሮጡ። ጥቂት ደበደቡት። እሳቱ በላያቸው እየዘለለ ወደ ኋላ ይገፋቸው ጀመር።

ሀሩን ሳጥኑን ትቶ ወደ እኔ መጣ። «በጆንያ አይመለስም። ከመንገዱ ልለኩስ?»

አየሁት። እሺም እንቢም አላልኩም። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እንደ ቦታው ነው። ትንሽ ጠበቀኝና ወደ መንገዱ ሮጠ። የደረቀ ሣር ጠቅልሎ አቀጣጠለ፤ ከመንገዱ ወዲያ ያለውን ሣር እየሮጠ ይለኩስ ጀመር።

ከእሳቱ እየሸሹ የመጡት ሰዎች ያዩት አንድ ጉሙዝ ሰፈራቸው አጠገብ እሳት ሲለኩስ ነው። ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከሀሩን ጋር አላስተዋወቅኋቸውም፣ አብረው እንዲሠሩ አድርጌም አላውቅም፤ በስብሰባ ያነበብኩትንም ከእነሱ ውስጥ ያዳመጠ አልነበረም። ወረዱበት። ፊተኛው አያልነህ ነበር። እኔ ከአርባ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ፤ ፊሽካው ከንፈሬ ላይ ነው። ብነፋ ይቆሙ ነበር። አልነፋሁም።

እሱ የለኮሰው እሳት ወደ ትልቁ እየተሳበ ሄደ። መካከል ላይ ተገናኙና ወደ ሰማይ አንድ ጊዜ ተነስተው ሞቱ፤ ልክ እንዳለው። ሰፈሩ ተረፈ፣ አብዛኛው የሰሊጥ ክምርም ተረፈ። ሰዎቹ ይህን ቆመው አዩ። ግን ክንዱን ሰብረውታል፤ ከሰበሩ በኋላ ተሳስተናል ማለት ከበዳቸውና አሰሩት።

በማግሥቱ ጠዋት የጸጥታ ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። ያን ጊዜ የመንግሥት ሰብል አቃጠለ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ተመልሶ የመጣ አላየንም። ሠራተኛው ተሰበሰበ። ሀሩን እጁ ወደ ኋላ ታስሮ መሬት ተቀምጧል፤ የተሰበረው ክንዱ አብጧል።

አለቃቸው ጠየቀኝ። «ጓድ፣ ይህ ሰው እሳት እንዲለኩስ አዘሃል?»

«አላዘዝኩም» አልኩ።

እውነት ነው፣ አላዘዝኩም። ይህን ስናገር ሀሩንን እንደሚወስዱት አውቃለሁ። ምን ተሰማህ ብትሉኝ ምንም። ቀበቶዬ ላልቶ ሱሪዬ እንዳይወርድ ሳስብ ትዝ ይለኛል።

ከኋላ እትዬ ትብለጥ ተነሱ። የወጥ ማማሰያቸውን እንደያዙ ነው።

«አንተ ጸሐፊ፣ ያን በስብሰባ ያነበብክልንን ወረቀት ዛሬም አንብበው እንጂ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮዬ ግን ደኅና ነው። ስለ ሀሩን የተጻፈ ነገር ነበር።»

አለቃው ወረቀቱን አምጣ አለኝ። መጋዘኑን ከፍቼ ገባሁ። ጠፍቷል ማለት እችል ነበር። ለምን እንዳላልኩ አላውቅም፤ ደግ ሆኜ ነው ብል እዋሻለሁ። ወረቀቱን አምጥቼ አነበብኩት። አስተምሯል የሚለውን፣ ኃላፊነት ተሰጥቶታል የሚለውን፣ ሁሉንም።

«አሁን አላዘዝኩም አላልክም?» አለኝ አለቃው።

«በቃል አላዘዝኩም ማለቴ ነው። በጽሑፍ ግን ሥራው ነው።»

ወደ ሠራተኛው ዞረ። «አስተምሯችኋል?»

ማንም እንዳልተማረ ሁሉም ያውቃል። አንዱ እንኳ አላስተማረንም ቢል ሀሩን ብቻ ሳይሆን እኔም ላንድሮቨሩ ላይ ነኝ። ሀሩን መሬቱን ያያል፤ ማናችንንም አያይም።

የተነሳው አያልነህ ነበር። «አዎ፣ አስተምሮናል» አለ። «እኛው ነን ደንግጠን የረሳነው።»

ከዚያ በኋላ ሌሎቹም አዎ፣ አዎ አሉ። ገመዱ ተፈታ። የሽንፋ ወጌሻ ክንዱን በቀርከሃ አሰረለት። አጥንቱ ገጠመ፤ ክርኑ ግን ከዚያ ወዲያ አልተዘረጋም።

ወር ገደማ ቆይቶ ደብዳቤው መጣ። ብሔረሰቦችን በእኩልነት በማሳተፍና በማስተማር አርአያ ለሆንኩት ለእኔ። በዚያው ሳምንት ሀሩን መጋዘን መጣና የብረት ቆቡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ያመሰግነኛል ወይም ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ለሁለቱም መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ጓድ፣ እኔ መቼ ነው ያስተማርኩት?» አለኝ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «አላስተማርክም» አልኩት።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለና ወጣ። ወደ እርሻው አልተመለሰም። እኔም መንደሩ ድረስ ሄጄ አልጠየቅሁትም፤ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነበር።

ዛሬ ገንዳ ውኃ ከተማ ነው የምኖረው። ሸምግያለሁ። ጥቅምት በገባ ቁጥር በጓሮዬ ዙሪያ ያለውን ሣር ግማሹ እርጥብ ሳለ አቃጥለዋለሁ። ጎረቤቶቼ ማን አስተማረህ ሲሉኝ፣ ሀሩን የሚባል ሰው እላለሁ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ እውነት የሆነው አስተምሯል የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም ለአንድ ሰው ብቻ።

ታሪኩን የሰሙ ሰዎች የሰው ነፍስ አድነሃል ይሉኛል። ያዳኑት እትዬ ትብለጥ ናቸው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ደግሞ ክንዱን ሲሰብሩ ፊተኛ የነበረው አያልነህ። እኔ አንባቢ ነበርኩ። ይህን ስናገር አላለቅስም፣ ደረቴም አይከብደኝም። ባለቤቴ የነገረችኝ አንድ ነገር ግን አለ። የሀሩንን ስም ባነሳሁ ቁጥር ሳላውቀው ቀኝ ክርኔን አጥፌ እዘረጋዋለሁ፣ አጥፌ እዘረጋዋለሁ። ይህን እየጻፍኩም ሁለት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጫለሁ።