እትየ ትሁንን ያሳጣሁበት ድራማ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። እሳቸው ፊት ጥቃቅኑን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት።

ዳንግላ አሥረኛ ክፍል እያለሁ ለወላጆች ቀን አስቂኝ ድራማ ጻፍኩ፤ ዋናዋን ሆኜ የተጫወትኩትም እኔው ነኝ። ባሏ የሞተባት ሻይ ሻጭ ናት፤ ሲመሽ አንድ ጋሪ ነጂ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ይገባላታል። ጎረቤታችን እትየ ትሁን መሆኗ ያልገባው አልነበረም። አካሄዷን ወሰድኩባት፣ ሳቋን ወሰድኩባት። ቀሚሱን እንኳ የተዋስኩት ከራሷ ነው፤ ደስ ብሏት ተኩሳ ሰጠችኝ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ሆኖ የተጫወተው ልጅ ወደ ተመልካቹ ዞሮ «ይህችን ሴት ምን እናድርጋት?» ሲል፣ «ትባረር!» ብለው ጮኹ። እትየ ትሁን መሀላቸው ተቀምጣ ነበር።

ኃጢአቴ በሰው ማሳቄ ብቻ ቢሆን እሰየው ነበር። በእውን ቤቷ የሚመጣው ጋሪ ነጂ ባንቴ በእናት የሚገናኛት ወንድሟ ነው። ከጥርባ በኩል በቅርቡ ስለመጣ ሰፈሩ አያውቅም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። እራቱን ሊበላ እንደሚመጣ፣ በጓሮ የሚገባውም ፈረሱን እዚያ ስለሚያስር እንደሆነ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ጻፍኩት። ለምን? ወንድም ከሆነ አያስቅማ!

ቀሚሷን ልትወስድ ከመድረኩ ጀርባ መጣች። አልተቆጣችኝም።

«ባንቴ ወንድሜ እንደሆነ አንች ታውቂ የለም እንዴ?»

«ድራማ እኮ ነው፣ እትየ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሰፈር ልጆች «ትባረር» እያሉ ይከተሏት ጀመር። ወንድሜ ነው ብትል ማን ይመናት? ባንቴም ስሟን ላለማጥፋት ብሎ እራት መምጣቱን ተወ። እኔ አንድ ቃል ብናገር ይበቃት ነበር፤ አልተናገርኩም። ክረምት ሳይገባ ዕቃዋን ጭና ግምጃ ቤት ወደሚባለው ከተማ ሄደች።

ዛሬ እንጅባራ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን ድርሰት አስነብቤ የገጸ ባሕርያቱን ሥነ ምግባር መዝኑ እላለሁ። የእኔንስ ማን ይመዝነው?

ያኔ ልጅ ነበርኩ ብዬ እንዳላመካኝ፣ ባለፈው ጥር ለሠርግ ዳንግላ ሄጄ ነበር። የድሮ ጓደኞቼ «እስኪ እንደ ትሁን ሂጅልን» አሉኝ። እውነቱን የምናገርበት ሰዓት ያ ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ ሄድኩላቸው፤ ሳቁልኝም። ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።