ሁለተኛው ወንበር

ልጅ እያለሁ መንጠቆ የምመርጠው በአውራ ጣቴ ጥፍር ነበር። ጫፉን ጥፍሬ ላይ አስቀምጬ ቀስ አድርጌ እጎትተዋለሁ። ከተንሸራተተ ደንዟል ማለት ነው። ያዝ ካደረገ ዓሣም ይይዛል። ይህን ያስተማረኝ የእናቴ ወንድም አጎቴ አያሌው ነው። ጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ዓሣ አጥምዶ የሚኖር ሰው ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት አራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ የቀረውን ጊዜዬን አጎቴ ደጃፍ ነው ያሳለፍኩት ብል ውሸት አይሆንም።

መንጠቆዎቹን የሚያስቀምጠው በአሮጌ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። እንዳይዝጉ ዘይት የነካው ጨርቅ ያለብሳቸዋል። ክዳኑን ስከፍተው የሚወጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ዘይት፣ የዓሣ ቅርፊት፣ ደግሞም ሻይ ቅጠሉ ራሱ ያልለቀቀው ነገር። ክሩን ደግሞ በከንፈራችን ነበር የምንፈትሸው። እጅ ስለሚሻክር ስስ ቦታውን ያልፈዋል፣ ከንፈር ግን ይሰማዋል ይለኝ ነበር። እኔም ያንን ሁሉ የቃጫ ክር በከንፈሬ አሳልፌ ማታ ማታ አፌ ያቃጥለኝ ነበር።

እናቴ ያስተማረችኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ቤት ገብቼ ብላ ቢሉኝ መጀመሪያ ጠግቤአለሁ ማለት። ና እንሂድ ቢሉኝ ግድ የለም ማለት። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የእኛ ዘመን ልጅ ሁሉ በዚህ ነው ያደገው። ገና ሲጠየቅ እሺ የሚል ልጅ ስግብግብ ይባላል፣ በክፉ የሚነሳው ስም ግን የእናቱ ነው። ደግሞ ጠያቂውም ያውቃል። አንዴ ጠይቆ የሚተው ሰው አልጠየቀም ማለት ነው።

ስምንት ዓመቴ ይመስለኛል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው መጥራት ጀምሯል። አጎቴ ወደ ጥልቁ ሊወጣ ሲሰናዳ ሳምንቱን ሙሉ መንጠቆ መረጥኩለት፣ ትል ቆፈርኩለት፣ ክር ፈተሽኩለት። ታንኳ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ወጥተዋል፣ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። እንዲወስደኝ ምን ያህል እንደፈለግኩ አሁን ብናገረው ያስቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ታንኳውን ወደ ውሃው እየገፋ ትመጣለህ ወይ አለኝ። አፌ እናቴ ትፈልገኛለች አለ። አጎቴ ራሱን ነቅንቆ ታንኳው የተሠራበትን ደንገል ማስተካከል ቀጠለ። ቆየት ብሎ፣ ዛሬ እኮ ነፋስ የለም፣ አትመጣም ወይ አለኝ። ይበርደኛል አልኩት። ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ ነው እንግዲህ ይህን የምለው። አጎቴ አልሳቀብኝም። ታንኳው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ መቅዘፊያውን አነሳ።  ከዳር አንድ ክንድ ያህል ከራቀ በኋላ ዞር ብሎ ቆርቆሮውን ዘረጋልኝ።

«በል ይህን ያዝልኝ» አለኝ። «መሀል ስንደርስ ትሰጠኛለህ።»

እንዴት ዘልዬ እንደገባሁ አላስታውስም። የማስታውሰው መቀመጫዬ በውሃ ርሶ፣ እርጥብ ደንገል እየሸተተኝ፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አስጠግቼ መያዜን ነው። ያን ቀን ያጠመድነው አራት ቀረሶ ዓሣ ብቻ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የበለጠ ቀን በዕድሜዬ አልመጣም።

ይህን ሁሉ የሚያስታውሰኝ እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዬ በር ጀርባ ታጥፎ የቆመ ወንበር ነው። በረዶ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ለማጥመድ የተሠራ ወንበር። ከመጣ አንድም ሰው አልተቀመጠበትም።

አንድ ልጅ አለኝ፣ ሳሙኤል ይባላል። እህቴ ወደዚህ አገር ስታመጣኝ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከእናቱ ጋር ተለያይተን ነበርና እሷ አልለቅም አለች፣ እዚያው ቀረ። የመጣልኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት፣ ከእኔ በቁመት በልጦ ነው። የሌሎች ሰዎች ልጆች አባታቸውን አንተ ይላሉ። የእኔ እርስዎ ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሰዎች እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ይሉኛል፣ እኔም አዎ እላለሁ። ከእኔ ጋር ግን ብዙ አልቆየም። ሥራ ሲይዝ ከጓደኞቹ ጋር አሌክሳንድሪያ ቤዝመንት ተከራይቶ ወጣ።

አንድ ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ኮል አደረገኝ። ሚኒሶታ የትራክ ሥራ አፕላይ አድርጎ አግኝቷል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙቭ ያደርጋል። እዚያ ሐይቁ ሁሉ በብርድ ረግቶ ድንጋይ ስለሚሆን ሰዎች በላዩ ተራምደው፣ ቀዳዳ በስተው፣ ዓሣ ያጠምዳሉ አለኝ። አብረውት የሚሠሩት ሁሉ ይሄዳሉ አሉ። ከዚያ፣ አባባ እርስዎ ዓሣ ያውቃሉ አይደል፣ ዕቃውን ስገዛ አብረውኝ ይሁኑ አለኝ። ከመጣልኝ በአምስት ዓመት ውስጥ ልጄ እኔ የማውቀውን ነገር ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ ጠዋት ሊወስደኝ እስኪመጣ ኮቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

አሌክሳንድሪያ ያለው ሱቅ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ አዳራሽ ነው። በቨርጂኒያ በረዶ ላይ የሚያጠምድ ሰው ብዙም ስለሌለ ዕቃው ጥግ ላይ አንዲት መደርደሪያ ብቻ ነው ያለችው። ሳሙኤል የሚገዛውን በስልኩ ጽፎ መጥቷል። መጀመሪያ በረዶውን የሚበሱበትን መሰርሰሪያ አየን። እሱ በሞተር የሚዞረውን ፈለገ። እኔ በእጅ የሚዞረውን ያዝኩ፤ ሞተር መሀል ሐይቅ ላይ ቢቆም ማን ይጠግንልሃል ብዬ። የስለቱን መሸፈኛ አወለቅሁ፣ መለስኩ፣ እጀታውን ጨበጥኩ፣ እሱም ይሻላል አለና ጋሪው ውስጥ አስገባው። ቀጥሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ጭልፋ አሳየኝ። ከተበሳው ጉድጓድ የበረዶ ፍርፋሪ የሚጠርጉበት ነው። የሾርባ መስሎኝ አልኩት። ሳቀ። ስንስቅ ድምፃችን አንድ ዓይነት መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

የማጥመጃው ዘንግ ክንድ እንኳ አይሞላም፣ የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስለው። በገመድ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ፣ ጫፋቸው ሹል የሆነ ሁለት እጀታዎችም አሉ፤ በረዶው ተሰብሮ ሰው ውሃ ውስጥ ቢገባ እነሱን በረዶው ላይ እየተከለ ተስቦ የሚወጣበት። ያንን ሳይጠይቀኝ አነሳሁ። አንገቱ ላይ አጥልቄ ገመዱን ለካሁለት። ልጄ ጎንበስ አለልኝ። አንገቱን ከነካሁ ስንት ዘመኔ።

ከዚያ መንጠቆ ላይ ደረስን። አንዱን አወጣሁና ጥፍሬ ላይ ጎተትኩት። ምን እያደረጉ ነው አለኝ፣ አሳየሁት። እሱም በጥፍሩ ሞከረ። ሰባት ስምንት ያህል ሞክረን ሁለት ደነዝ አገኘን። የሱቁ ሠራተኛ ራቅ ብሎ ያየናል። ጥሩዎቹን በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ከትተን ሳጥኗን እኔ ያዝኳት።

ሳሙኤል ሁለት ታጣፊ ወንበር አንስቶ ጋሪው ላይ ጫነ። ሁለት ናቸው። አየኋቸው፣ ዓይኔን መለስኩ፣ ደግሜ አየኋቸው። እጄ ላይ ያለችው ሳጥን ሞቀችኝ።

ጫማ የተደረደረበት ጋ ስንደርስ ቆመና፣ ወደ እኔ ሳያይ ጠየቀኝ።

«አባባ፣ እስከ ሚኒሶታ በመኪና አብረን ብንሄድስ? ሁለት ሳምንት ቆይተው በፕሌን ይመለሳሉ።»

«ተወኝ እባክህ ልጄ፣ እኔ ለብርድ አልሆንም» አልኩት።

ይህን ብዬ አንድ ጫማ አነሳሁና ሶሉን ማየት ጀመርኩ። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ የምለውን አዘጋጅቻለሁ፤ ጉልበቴን ያመኛል ነው የምለው፣ ድምፄን ትንሽ ላላ አድርጌ። ሦስተኛ ሲለኝ ደግሞ፣ እንግዲህ ይህን ያህል ካልክ እላለሁ። ሻንጣዬ የት እንዳለ ሁሉ አስቤያለሁ።

«ኦኬ አባባ። ኖ ፕሮብሌም» አለ።

ጋሪውን ትቶ አንዱን ወንበር በማንጠልጠያው ይዞ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። አልወረወረውም። እንደነበረው አድርጎ፣ ማንጠልጠያውን አስተካክሎ ሰቀለው። እኔ ጫማውን እንደያዝኩ ነኝ። ካሸሩ ጋ ስንደርስ እጁን ዘረጋና፣ አባባ መንጠቆውን አለኝ። ሰጠሁት።

ወደ ቤት ሲመልሰኝ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትራኩ፣ ስለሚከራየው ቤት እያወራ ነበር። ቂም የለውም። በሳምንቱ ሄደ።

መጀመሪያ በእሱ ነው የተናደድኩት። ይህ አገር ልጄን እንደዚህ አደረገው አልኩ። አባቱን አንዴ ብቻ ጠይቆ የሚተው፣ በሞቴ የማይል፣ እጄን የማይጎትት ልጅ እያልኩ ስንት ቀን ብቻዬን አጉረመረምኩ። ሰው ባገኝ እነግረው ነበር። እንዳልነገርኩ አሁን ደስ ይለኛል፤ ኋላ ወንበሩን አስቤ አስቤ ሌላ ነገር መጣብኝ።

እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገንዘብ ከምቀበልባት የመስታወት ክፍል ለሳሙኤል በስልክ ካርድ እደውልለታለሁ። አንድ ቅዳሜ፣ ለፋሲካ ልምጣ ወይ አልኩት።  ከጀርባው ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። ከዚያ በዚያች በቀጭን ድምፁ፣ «ግድ የለም አባባ፣ ሥራህ ይበደልብሃል» አለኝ። ያን ጊዜ አንተ ነበር የሚለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? እሺ ጎበዝ፣ አንተማ ትልቅ ሰው ነህ አልኩት። አለቃዬን ፈቃድ መጠየቅ ፈርቼ ነበርና ደረቴ ቅልል አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው አንዴ ጠየቅኩ፣ እንደዚያው መለሰልኝ፣ እንደዚያው ዘጋሁ። ከዚያ ወዲያ መጠየቁንም ተውኩት። የአሥር ዓመት ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀ ነበር። ለሁለተኛው የሚለውን፣ ለሦስተኛው የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር። እኔ ነኝ የማውቀው፣ ከጣና ዳር የመጣሁት። ኦኬ ማለትን ልጄ አሜሪካ አልተማረም። ከእኔ ነው የተማረው።

ወንበሩን ኋላ በሜትሮና በአውቶቡስ ሄጄ ገዛሁት። ሳሙኤል የሰቀለው ቦታ ላይ ነበር፣ ማንም አልነካውም። 

አሁን እሁድ እሁድ ይደውላል። ባለፈው በረዶው መሀል ሆኖ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ። መሰርሰሪያው ቆሟል፣ ሹሎቹ እጀታዎች አንገቱ ላይ ናቸው፣ ስሙን የማላውቀው ዓሣ በእጁ ይዟል። እሱ ወንበሩ ላይ ነው። ከጎኑ ባልዲ ተደፍቷል፣ ማን እንደሚቀመጥበት አልጠየቅኩትም። መንጠቆው እንዴት ነው አልኩት፣ በጥፍሬ እየመረጥኩ ነው አለኝ። ምን ልላክልዎት አለኝ። ምንም አልኩት። ኦኬ አለ።

አጎቴ አያሌው ሁለቴ እምቢ ብዬው፣ ታንኳው ከዳር ከራቀ በኋላ እንኳ ቆርቆሮውን የሚዘረጋልኝ ሰው ነበር። ማንበብ አይችልም፣ ከጣና ማዶ አገር አያውቅም። እኔ ስንት ባሕር ተሻግሬ፣ ለአንድ ልጄ ሁለተኛ መጠየቅ አቃተኝ። ወንበሩን አንዳንዴ ከበሩ ጀርባ አውጥቼ እዘረጋዋለሁ። አዲስ የላስቲክ ሽታው ገና አልለቀቀም። ትንሽ አየውና መልሼ አጥፈዋለሁ።