የድሚትሮ ወንበር

አርሊን ባሏ ድሚትሮ ከተቀበረ ወዲህ አላለቀሰችም። ቬርሎ ደግሞ ባንዱ ጫፍ ያነጠሰ ሰው ከሌላው ጫፍ “ይማርህ” የሚባልባት ከተማ ናት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ የእህል ጎተራው ፈርሷል፣ ባቡሩም ሳይቆም ያልፋል። የቀረው ካፌው ነውና የታማችውም እዚያ ነው። “ልቧ ድንጋይ ነው” አሉ። ድንጋይ እንኳ በክፍለ ሀገሩ በሳስካችዋን ፀሐይ ይሞቃል፤ እሷን ግን ፀሐዩም አያሞቃት፣ የምትበላው ምግብም ጣዕሙ ከጠፋባት ሰንብቷል።

ድሚትሮ የሞተው ስንዴው ሊታጨድ ሲል ነበር። በዚህ አገር የሟች አዝመራ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ጎረቤት ሳይጠራ የራሱን ትቶ ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቶቹ ማጨጃ ኮምባይነሮች አቧራ እያስነሱ ደረሱ። ሴቶቹ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በየድስቱ ይዘው መጡ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይባላል፤ አርሊን ግን መድኃኒቱ አልሠራላትም።

ከምሳ በኋላ የድንበር ጎረቤቷ ሃሮልድ ቆቡን እያሻሸ ቀረባት።

“አንቺ፣ መሬቱን ታከራያለሽ ወይስ ታርሻለሽ?”

“ልጄ አከራዪው ይላል።”

“ልጅሽን ማን ጠየቀው? ካልጋሪ ከተማ ተቀምጦ ስንዴና ገብስ መለየት ረስቷል። ካከራየሽ እኔ እወስደዋለሁ፣ አልደብቅሽም። ካረስሽም በጸደይ አግዝሻለሁ። ብቻ ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ዘር የሚታዘዘው አሁን ነው።”

“እኔንጃ፣ ሃሮልድ።”

እንደ ልማዱ ጎረቤቶቹ ከማሳው ያልታጨደችውን የመጨረሻ ቁራጭ ለባለመሬቷ ተዉላት። አርሊን የድሚትሮ ኮምባይነር ላይ ወጣች። የእሷ ሥራ ዕድሜ ልኳን እህሉን በመኪና ማመላለስ ነበር፤ ይህን የነዳው እሱ ብቻ ነው። ተቀመጠች፤ እግሯ ፍሬኑ ጋ አልደርስ አለ። ድሚትሮ ቅልጥመ ረጅም ነበር።

ከወንበሩ ሥር ያለውን ማንሻ ያዘች። ከሳበችው ወንበሩ እሱ የተወበት ቦታ ላይ ዳግም አይገኝም። ሌሎቹ ሞተራቸውን አጥፍተው ያዩዋታል።

“አርሊን፣ ምን ሆንሽ?” አለ ሃሮልድ በኮምባይነሩ የመገናኛ ሬዲዮ።

“ወንበሩ ራቀኝ።”

“ልምጣና ላስተካክልልሽ?”

“ማንም እንዳይነካው።”

ብዙ ቆየች። ከዚያ ሳበችው፤ ወንበሩ ጓ ብሎ ወደ ፊት መጣ። ያኔም አላለቀሰችም፤ ሞተሩን አስነሳች። ቁራጯን አጭዳ ስትጨርስ ሬዲዮውን አነሳች።

“ሃሮልድ፣ ዘሩን እዘዝልኝ።”



“ወንበሩስ ተመቸሽ?”

“አልተመቸኝም” አለች። “እለምደዋለሁ።”