የአንድ ሰዓት በረራ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አሰላ ውስጥ እኔ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ገቡና በሩን መለስ አደረጉት። ግቢያቸው ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ነርስ አለች። ሌሊቱን እናቷ ባሕር ዳር አርፈዋል። ወንድሞቿ የደወሉት ለእሷ ሳይሆን ለአከራይዋ ነው። ቀብሩ ነገ አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ አይቆይም።

«በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉኝ።

ስልኬ ላይ የሁለቱን ኤርፖርቶች ስም ጻፍኩ። አንድ ቀጭን መስመር ከቦሌ ተነሥቶ ጣና ዳር አረፈ።

«አንድ ሰዓት ገደማ።»

«እዚህ ቅርብ ኢተያ ደርሶ እንደመመለስ በለኛ» ብለው ተነፈሱ።

እሳቸው ሲተነፍሱ ነው እኔ መደመር የጀመርኩት። ከአሰላ አዲስ አበባ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት፤ አዳማ ላይ ሰው ካወረደና ከጫነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ከዚያ የከተማው መጨናነቅ፣ ከዚያ የቦሌ ፍተሻ። የዛሬው የመጨረሻ በረራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለነበር ከአሰላ እስከ አምስት ሰዓት መውጣት አለባት። ቲኬቱን ወንድሞቿ ቆረጡ፣ እኔ አተምኩት።

መርዶ ግን በመንገድ አይነገርም። የሚነገረው ቤተሰብ መሀል፣ ደጋፊ ባለበት ነው። ግቢው ሁሉ «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል» ለማለት ተስማማ። ቲኬቱን ይዤ ስደርስ ይኸው ተነግሯት ነበር፤ ሳትረበሽ የተቆላ ገብስ እያበጠረች አገኘኋት።

«የደም ግፊቷ ነው። በየጊዜው ይነሣባታል» አለችኝ። «የአርሲ በሶ ትወዳለች፤ ሳላስፈጭላት አልሄድም።»

«ሲስተር፣ መኪና እንዳያመልጥሽ።»

«መናኸሪያው ሙሉ ሚኒባስ አይደል? በረራው እንደሆነ አንድ ሰዓት ነው። ካልሆነ ነገ ከሰዓት እሄዳለሁ። አንተ ደግሞ የምታነብልኝ ግጥምህም እንደዚሁ ይቸኩላል።»

«እዚያስ ገብስ ጠፍቶ ነው?» አሏት አከራይዋ።

«የአርሲን ገብስ እንዲህ ሲሉ የአርሲ ሰው ይስማዎት» ብላ ሳቀች። ማንም አልሳቀም፤ እሷ ግን አላስተዋለችም።

ገብሱን ተሸክሜ አብሬያት ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወረፋው እስከ በር ደርሷል። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሦስት ሴቶች ከፊታችን ሲቀሩ አላስቻለኝም።

«ሲስተር፣ ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው።»

አልጮኸችም። አንድ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለች። ባጃጅ ጠራሁ።

ለቀብሩ ደረሰች። በዚያ ሳምንት ግን አከራይዋ ሰላምታዬን አልመለሱም። «ብቻዋን፣ መንገድ ላይ አረዳት» ይሉ ነበር ለሰው፣ እኔ እየሰማሁ።

በተመለሰች ዕለት ጥቁር ለብሳ፣ ከመናኸሪያ ወደ ቤቷ ስታልፍ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ባትነግረኝ አልደርስም ነበር» አለች። ከዚያ ቀጠለች፦ «አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ሶፍት ሰጡኝ። ሲያልቅ ከአስተናጋጇ ጠይቀው ጨመሩልኝ። ምን ሆነሽ ነው አላሉኝም። እዚያ ቤት የሚይዘኝ ሰው ሞልቶ ነበር። አየር ላይ ግን ቀበቶ ታጥቄ፣ ድምፄን አፍኜ...»

«ይቅርታ» አልኳት።

«ይቅርታ አትበለኝ። እንዴት እንደነበረ እወቀው ብዬ ነው።»

ሱቁን ዘግቼ ሻንጣዋን ያዝኩላት። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወጥቶ ጎረቤት ለለቅሶ ተሰብስቧል። አከራይዋ እሷን አቅፈው አለቀሱ። እንደገና አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ወደ እኔ ሳያዩ ትንሽ ጠጋ አሉልኝ።