ወደ የሻለም ደሴት በምን ይኬዳል

«አንች ብቻሽን ልትጸድቂ ነው? አንች ስትሄጂ መርከቡም ጀልባውም ሞልቶ፣ እኔ ልሂድ ስል ነው ባሕሩ የሚጠልቀው?»

ወይዘሮ ብርሀንነሽ ናቸው። ሲቆጡ አገጫቸው ከቃላቸው ቀድሞ ይወጣል። አንዷን ቃል በአፍንጫቸው ይዘው «ባ...ሕሩ» እያሉ እንደ ክር ይስቧታል፣ ከዚያ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ዘርግፈውት ያርፋሉ። ልጃቸው የሻለም ቀና አላለችም። በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሎሚ ትለያለች። የበሰበሰውን በሁለት ጣቷ ጫፍ አንስታ፣ ፊቷን አዙራ፣ ወደ ጭቃው ትወረውረዋለች።

ጠቡ የመንገድ ጠብ ነው። የማኅበሩ ሴቶች ለፍልሰታ ወደ የሻለም ደሴት እንሄዳለን ብለው ቆርጠዋል፤ የቀራቸው በምን ይኬዳል የሚለው ብቻ ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ በአውቶቡስ ነው፣ እሱን ማንም ያውቀዋል። ከደሴ ወዲያ ግን ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ሚኒባስ ተኮናትረን ባሕሩ ዳር እንውረድ፣ ጀልባ እዚያው አይጠፋም ይላል። ገሚሱ አውሮፕላን ካልሆነ የብርሀንነሽ ጉልበት አይችለውም ይላል። ጎረቤታቸው ሀዲያ እስላም ናት፣ ማኅበርተኛም አይደለች፣ ግን እኔም አልቀርም ብላለች። ዱዓ የትም ይደረጋል ባይ ናት። የሷ ጭንቀት ከጀልባ ከተወረደ በኋላ ያለው ነው፤ ዳገት ካለው በቅሎ ይከራያል ወይስ በእግር ነው እያለች የሻለምን ከጠዋት ጀምራ ስታደርቃት ዋለች።

የሻለም በቅሎ የለም አለቻት። እንግዲያ አህያ፣ አለች ሀዲያ።

አረብ አገር የኖረማ እዚህ በየቤቱ አለ። ደሴት ረግጣ የመጣች ግን የሻለም ብቻ ናት። ለዚህ ነው መንገዱን ሁሉም እሷን የሚጠይቃት፣ እሷም ደሴት የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ምራቋ አፏን የሚሞላው።

የሻለም ትምህርቷን ስምንተኛ ላይ ትታ ነው የሄደችው። የሰው ቤት ጠራርጋ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ ተመለሰች። አሁን መናኸሪያው በር ላይ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ባዶ ፌስታል ትሸጣለች፤ መኪና ለሚያስመልሳቸው። ሥራው ጥሩ ነው፣ የሚያስመልሰው ሰው አይጠፋም። እሷ ግን ትጸየፈዋለች። ማታ የደሴው አውቶቡስ ገብቶ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ያን የታመቀ ሽታ ሲለቅባት፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ረዳቱን፣ ሹፌሩንና መኪና የፈጠረውን ሰው በየተራ ትሰድባለች። ራሷ ምንም ነገር ላይ አትሳፈርም። ወግዲ ለቅሶ ሲኖርባት እንኳ በእግሯ ነው የምትሄደው፤ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት ታድርና ለቅሶው ካለቀ ትደርሳለች። ሰው ኩሩ ናት ይላታል። ኩራት አይደለም። ሆዷ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በስልክ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ አሠሪዎቿ ለሽርሽር ወደ አንዲት ደሴት ሊሄዱ ተነሱ፣ ለልጆቹ ብለው እሷንም ሊወስዷት ሆነ። ጊዜው ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። ለእናቷ ደወለችና ደሴት ልንሄድ ነው አለቻቸው። እዚህ አገር የሚታወቀው ደሴት ደግሞ ገዳም ያለበት ነው፤ ጣና ነው፣ ሐይቅ ነው፣ መነኩሴ ነው፣ ጸበል ነው። በፍልሰታ ደሴት የሚሄድ ሰው ሱባኤ ሊገባ ካልሆነ ሌላ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ወይዘሮ ብርሀንነሽ ስልኩ ላይ እልል አሉ። የማን ገዳም ነው ሲሉ መስመሩ ተቆረጠ። የሻለም መልሳ ደውላ ልታስረዳቸው ነበር፤ ማዳም ሻንጣውን ዝጊ ብላ ጮኸችባት። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አሠሪው ሳይቀር ተመረቀ፤ እስላም ሆኖ ክርስቲያን ሠራተኛውን ሱባኤ የሚያስገባ ሰው የት ይገኛል ተባለለት።

ሱባኤው እንዲህ ነበር። ትልቁ አውሮፕላን ላይ ትንሹ ልጅ ጭኗ ላይ አስመለሰባት። ሲወርዱ ባልና ሚስት ተጣሉ። ወደ ደሴቷ መሻገሪያው ብዙ ነው፤ ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን አለች፣ መኪና ከነሰዉ የሚውጥ መርከብ አለ፣ እንደ እብድ ፈረስ የምትዘል ፈጣን ጀልባ አለች፣ የአገሩ ድሃ የሚሳፈርበት አሮጌ የእንጨት ጀልባም አለ። ባልየው በመርከብ አለ። ማዳም ከንፈሯን አሹላ፣ ጣቷን አወዛውዛ፣ «ያላ፣ መርከብ የበግ ነው፤ ከላይ ካላየሁት ምኑን አየሁት?» አለች። አሸነፈች። ትንሿ አውሮፕላን ግን ብዙ ዕቃ አትችልም ተባለ። ስለዚህ ጌቶቹ በሰማይ ሄዱ፣ ሻንጣው፣ የሕፃኑ ጋሪና የሻለም በእንጨቱ ጀልባ ተላኩ።

ጀልባው ላይ የደረቀ ዓሣ በጆንያ ተከምሯል። እሷ ጾመኛ ናት፣ ዓሣም አትበላም፣ ሽታው ግን ጾም አያውቅም፤ ጉሮሮዋ ድረስ ገባ። ከሥሯ ናፍጣው ይጨሳል። ጀልባ ነጂው በአንድ እጁ መሪ ይዞ በአንድ እጁ ማንጎ ይግጣል፣ ጭማቂው በክርኑ ወርዶ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ባሕሩ መሃል ሲደርሱ አንዱ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለው። ያ ሁሉ ትፋት ወለሉ ላይ ካቆረው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጀልባው ወዲህ ሲያዘነብል ወደሷ ይመጣል፣ ወዲያ ሲያዘነብል ይሄዳል፣ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። እግሯን ሻንጣው ላይ ሰቅላ ዓይኗን ጨፈነች። ጨፍና ባሰባት። ባዶ ሆድ ምን እንደሚያወጣ እዚያ ነው ያየችው፤ አረንጓዴ ነገር፣ ሬት የሚያስንቅ።

ደርሰውም አላለቀም። በር የሌላት፣ ባጃጅ የምትመስል የሆቴል መኪና ነበረች፤ የሻለም ከኋላ የሻንጣው ቦታ ላይ ፊቷን ወደኋላ አዙራ እየተናጠች ትሄዳለች። ማዳም ለልጆቹ ብስክሌት ተከራየች፤ የሻለም በዚያ ፀሐይ ኮርቻውን ይዛ ከኋላ ትሮጣለች። አንድ ቀን ደግሞ ወለሏ መስታወት በሆነች ጀልባ ዓሣ ሊያዩ ወጡ። ልጁ መስታወቱ ላይ አስመለሰ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ አያት፣ እሷም ተንበርክካ በሻሽዋ ጠረገች፤ ከሥሩ ያ የተባለው የሚያምር ዓሣ ያልፋል። ዳርቻው ላይ ሰዉ ራቁቱን፣ ዘይት ተለቅልቆ፣ እንደ ተገፈፈ በግ አሸዋ ላይ ተዘርግቷል። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ፊቷን አዙራ፣ አንዱን ተሻግራ አለፈች።

እናቷ ግን ጸበሉን እንዳትረሽ እያሉ በሰው ስልክ ሳይቀር ልከውባታል። ባዶ እጇን ገብታ ምን ልትላቸው ነው? በመጨረሻው ቀን የሃይላንድ ጠርሙስ ከባሕሩ ዳር ሞላች። ኮንትራቷ አልቆ ስትገባ ጠርሙሱን እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠች፣ እሳቸውም ግንባራቸው ላይ አድርገው ተሳለሙት።

ዓመት ሙሉ ሆዱ ተነፍቶ የተኛ ካሳ የሚባል ጎረቤት ነበራቸው። ከዚያ ጠርሙስ በሲኒ አጠጡት። ጨው ውሃ የጠጣ ሰው ያስመልሰዋል፤ እዚህ ደግሞ የሚያስመልስ ጸበል ማለት የሠራ ጸበል ነው። ካሳ አንጀቱ እስኪወጣ አስመለሰው፣ በማግስቱ እንጀራ አምጡልኝ አለ። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ብርሀንነሽን ማን ይቻላቸው። ጠርሙሱ ሲጎድል በረከቱ እንዳይቋረጥ ብለው የምንጭ ውሃ ይጨምሩበታል፣ ደግሞ ሲጎድል ደግሞ ይጨምራሉ። አሁን ጠርሙሱ በውስጡ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፣ ሲከፈት ይጠነባል። ሰው ሲጠጣ የሻለም ከቤት ትወጣለች፤ የጉሮሮውን ድምፅ መስማት አትችልም። ወይዘሮ ብርሀንነሽም ጉልበታቸውን በሱ አሽተው ትንሽ ቀለል ሲላቸው፣ ሳልሞት ቦታዋን ረግጬ እሳለማለሁ ብለው ተሳሉ። ማኅበሩም ተከተላቸው።

እንግዲህ ዛሬ የሻለም ሎሚውን ትታ ተነሳች። መንገዱን ካስጠላቻቸው ይተዉታል ብላ አሰበች። ጀልባውን ነገረቻቸው፤ ዓሣውን፣ ናፍጣውን፣ እግሯ ሥር የሚመላለሰውን። እየነገረች ራሷ አቅለሸለሻት፣ ሎሚ ሰንጥቃ አሸተተች። ሀዲያ አስተግፊሩላህ እያለች አፏን ያዘች። ወይዘሮ ብርሀንነሽ ግን አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አየሽ፣ የተቀደሰ ቦታ መንገዱ እንዲህ ነው» አሉ። «በቀላሉ የሚደረስ ቢሆን ማን ያከብረው ነበር?» ከዚያም ወደ ሀዲያ ዞረው አውሮፕላኑ ይቅር፣ በእንጨቱ ጀልባ ነው የምንሄደው አሉ።

የሻለም ሰዉ ራቁቱን ነው አለች። ባሕታውያን ናቸው፣ ልብስ ምን ያደርግላቸዋል፣ አሉ። ዘይት ይቀባሉ አለች። ቅብዓ ቅዱስ ነዋ፣ አሉ። ሴቶችም አሉበት አለች። ይሄኛውን ትንሽ አሰቡበት፤ አገጫቸውን አወጡና ሴት አትመንኩስ ያለ አለ ወይ ብለው መለሱ። ሀዲያ ሳቋ አምልጧት ሳል አስመሰለችው፣ ከዚያም ለሴቶቹ የእንጨቱን ጀልባ ነገር ልንገራቸው ብላ ወጣች።

የሻለም የእናቷን ጉልበት አየችው። አብጧል፣ በዚያ ውሃ ታሽቶ ቆዳው ነጭ ሆኗል። ደሴ መናኸሪያ በዝናብ ቆመው፣ ከኋላቸው አሮጊቱን ሁሉ አሰልፈው፣ ደሴት የሚሄድ መኪና የቱ ነው ብለው ረዳቱን ሲጠይቁ ታያት። ረዳቶቹ ሲቀባበሏቸው፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ እኔ አደርሳችኋለሁ ብሎ ሲጭናቸው ታያት።

«እማዬ፣ ጸበል አይደለም» አለች። «ባሕር ነው። የልጆቹን ትፋት ካጠብኩበት ዳር ነው የቀዳሁት። ገዳምም የለ፣ መነኩሴም የለ። ሀብታም የሚዝናናበት ነው።»

ወይዘሮ ብርሀንነሽ አሁን የጠጡት ይመስል አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ነጠላውን አዩትና ያን ጫፍ ከራሳቸው አራቁት።

«ካሳስ እንዴት ዳነ?» አሉ።

እንጃ አለች።

«የንስሐ አባቴን አጠጥቻለሁ።»

አውቃለሁ አለች።

ከበረንዳው ጎንበስ ብለው ጭቃው ላይ ተፉ። ፊታቸው እንደዚያ ተጨማዶ የሻለም አይታው አታውቅም፤ ሬሳ ሲገነዝ እንኳ ፊታቸውን የማያጨማድዱ ሴት ናቸው። ይሰድቡኛል ብላ ጠበቀች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። በዚህ መሃል የሴቶቹ ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ተሰማ፤ ሀዲያ ከፊት ሆና የጀልባውን ነገር ከሰማችው በላይ አድርጋ እያወራች፣ ሌሎቹ ከኋላዋ እየመረቋት መጡ።

ወይዘሮ ብርሀንነሽ ተነሱ። አገጫቸው ወጣ።

«መን...ገዱ ተዘግቷል አሉ» አሏቸው፤ «አሁን ነው የሰማሁት፣ ከደሴ ወዲህም ወዲያም።»

ማን አለ ብሎ የጠየቀ የለም። መንገድ ተዘጋ ሲባል እዚህ አገር ማንም ለምን አይልም፤ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፈት ይሰማል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዷ ዘንድሮም ቀረብን አለች፣ ሀዲያ ደግሞ ለአህያው አስቤ ነበር እኮ ብላ አጉረመረመች። አንዷ እንግዲያ መንገዱ እስኪከፈት ከጠርሙሱ ትንሽ ቅመሱን አለች። ወይዘሮ ብርሀንነሽ ወደ ልጃቸው አላዩም። ልክ ባልሆነ ሰዓት አይጠጣም፣ ጹሙና ኑ ብለው ሸኟቸው።

 የሻለም ይጥሉታል ብላ ነበር። እናቷ ገብተው ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ወደ ሳጥን ሲያስገቡ፣ ክዳኑን አጥብቀው ሲያዞሩት ሰማች። እሳቸውን ተጸየፈች፣ ራሷን ተጸየፈች፣ እጇ ላይ ያለችውን ደህና ሎሚ ከበሰበሱት ጋር ጭቃው ላይ ወረወረቻት። ከዚያ ዞራ በሩ ጥግ ደብተሬን ይዤ የተቀመጥኩትን እኔን አየችኝ።

«አንች ደግሞ እዚያ ተቀምጠሽ ምን ትጭሪያለሽ? አንችም እኮ ጠጥተሻል። በቃ፣ መጻፉን ተይው።»